የከብት ስምና የሰው ቃል

ከብት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። በአንደኛው ፍች ላምንና በሬን፥ ፈረስንና በቅሎን፥ በጠቅላላውም ሰው በቤቱ የሚያኖራቸውን ታላላቅ እንስሳት ያመለክታል። በሁለተኛው ፍች ግን ገንዘብ፥ ንብረት፥ ሀብት ማለት ነው። በጥንት ዘመን «እገሌ ከብቱን ለልጆቹ አካፈለ» የተባለ እንደ ሆነ፥ ያካፈለው በሬውንና ላሙን ብቻ ላይሆን ይችል ነበር፤ ብሩም ልብሱም የቤቱም ዕቃ በዚሁ ቃል ይጠራ ነበርና።

አንድ ቃል ሁለቱን ነገር መያዙ ያለ ምክንያት አይደለም። የገበሬ ሀብቱ በበረቱ ውስጥ ነው። እርሻውን የሚያርስለት፥ እህሉንም በአውድማ የሚያበራይለት በሬ ነው። ለልጆቹ ወተት፥ ለወጡ ቅቤ የምትሰጠው ላም ናት። እበቱ ሲደርቅ ኩበት ሆኖ እሳት ይነድበታል፤ ፍጉ የጓሮውን መሬት ያለማል። ቆዳው ጠፍርና ምራን ይወጣዋል፤ ቀንዱም ተጠርቦ ዋንጫ ይሆናል። ከከብት የሚጣል ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ሰው የሚጠቅመውን ነገር ሁሉ በአንድ ስም ብቻ ጠርቶ አያልፈውም። ሸማኔ የሠራውን እየለየ ጋቢ፥ ኩታ፥ ነጠላ፥ ቡልኮ ይላል፤ ለማያውቅ ሰው ግን ሁሉም ሸማ ነው። እንዲሁም ገበሬ በበረቱ ደጃፍ ቆሞ ሲመለከት፥ ይህች ጊደር ናት፥ ያ ወይፈን ነው፥ ያችኛዋ ጥገት ናት ብሎ ይለያል። ልጆች ሆይ፥ እኛም ዛሬ እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ እንማር። በመጨረሻም ነገርን በስሙ መጥራት ከእውነት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እናያለን።

1. የቀንድ ከብትና የጋማ ከብት

ታላላቆቹ የቤት እንስሳት በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ፈረስ፥ በቅሎና አህያ «የጋማ ከብት» ይባላሉ፤ በአንገታቸው ላይ ጋማ አላቸውና። ላምና በሬ ከነልጆቻቸው «የቀንድ ከብት» ይባላሉ። በግና ፍየልም ቀንድ አላቸው፤ ነገር ግን የቀንድ ከብት ሲባል በልማድ የላምና የበሬ ዘር ማለት ነው።

ሁለቱ ወገኖች በስም ብቻ አይለያዩም። የቀንድ ከብት ያመሰኳል። ይኸውም ሣሩን ፈጥኖ ይውጠውና፥ በኋላ በጥላ ተኝቶ ከሆዱ ወደ አፉ እየመለሰ በዝግታ ያላምጠዋል። የጋማ ከብት ግን አያመሰኳም። ደግሞም የቀንድ ከብት በላይኛው ድዱ የፊት ጥርስ የለውም፤ በታችኛው ብቻ ስምንት የፊት ጥርሶች አሉት። ገበሬ የከብቱን ዕድሜ ለማወቅ የወደደ እንደ ሆነ አፉን ከፍቶ እነዚህን ጥርሶች ይመለከታል። በሁለት ዓመት ገደማ መካከለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች ወልቀው በትልልቅ ጥርሶች ይተካሉ፤ የቀሩትም ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በየጊዜያቸው ይለወጣሉ። ስለዚህ ሻጭ ስለ ከብቱ ዕድሜ ቢዋሽ፥ የከብቱ ጥርስ ይመሰክርበታል።

2. በዕድሜ የሚለወጡ ስሞች

ላም ልጅዋን በማሕፀንዋ የምትሸከመው ዘጠኝ ወር ያህል ነው። አሁን የተወለደው ልጅዋ «እንቦሳ» ይባላል። እንቦሳ እግሩ ገና የሚንቀጠቀጥ፥ እናቱም እየላሰች የምታደርቀው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚጠባው ወፍራምና ወደ ቢጫነት ያዘነበለ ወተት «እንገር» ይባላል። እንገር እንቦሳውን ከበሽታ የሚጠብቅ ኀይል አለው፤ ስለዚህ ብልህ ገበሬ ለራሱ ከማለቡ በፊት እንቦሳው እስኪጠግብ ይተወዋል። የእንቦሳ መወለድ ለቤቱ ታላቅ ደስታ ስለ ሆነ፥ ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ በገባ ጊዜ ጐረቤቶቹ «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመርቁታል። ቤታችሁ ከብት የሚወለድበት፥ ወተት የማይታጣበት ይሁን ማለታቸው ነው።

እንቦሳ ጥቂት ሲጠና «ጥጃ» ይባላል። ወንዱም ሴቲቱም ጥጃ ናቸው። ጥጃ ቀኑን ሁሉ እናቱን ሲጠባ እንዳይውል ለብቻው ይጠበቃል። በማለዳና በማታ ወደ እናቱ ያቀርቡታል፤ አስቀድሞ ጥቂት ይጠባል፤ ወተቱ በወረደ ጊዜ ጥጃውን ፈቀቅ አድርገው ላሚቱን ያልባሉ። የአገራችን ላም ልጅዋን ካላየች ብዙ ጊዜ ወተትዋን ትከለክላለችና። ጥጃዋ የሞተባት እንደ ሆነ፥ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው በፊትዋ ያቆሙላታል፤ እርስዋም እርሱን እየላሰች ትታለባለች።

ሴቲቱ ጥጃ ጡት ትታ ካደገች በኋላ፥ ገና ሳትወልድ «ጊደር» ትባላለች። ጊደር ዛሬ ወተት የላትም፤ ነገ ግን ላም ትሆናለች። የአገራችን ጊደር ብዙ ጊዜ የምትወልደው ዕድሜዋ አራት ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ነው። መኖ የበዛላት ትፈጥናለች፤ የተራበች ትዘገያለች። በወለደችበትም ቀን ስምዋ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ «ላም» ትባላለች እንጂ ጊደር የሚላት የለም።

ወንዱ ጥጃ ሲያድግ «ወይፈን» ይባላል። ወይፈን ጉልበት አለው፤ ሥራ ግን አያውቅም። ብልህ ገበሬ ሊያስተምረው በወደደ ጊዜ ከሌላ ወይፈን ጋር አይጠምደውም፤ ሥራ ከለመደ ከአንጋፋ በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ያጣምረዋል እንጂ። ወይፈኑ በመጀመሪያው ቀን ይዘላል፥ ይተኛል፥ ቀንበሩን ሊጥል ይታገላል። አንጋፋው በሬ ግን ዝም ብሎ ይራመዳል። ከብዙ ቀን ትምህርት በኋላ ወይፈኑ የጓደኛውን እርምጃ ይለምዳል፤ ትልሙም እየቀና ይሄዳል።

ወይፈን ማረስን ከተማረ በኋላ «በሬ» ይባላል። በሬ ብዙ ጊዜ የተኰላሸ ነው፤ ስለዚህም ጠባዩ የረጋ ነው። ሳይኰላሽ ለዘር የሚጠበቀው ግን «ኰርማ» ይባላል። ኰርማ የመንጋው አባት ነው። መልኩና ጕልበቱ ወደ ልጆቹ ስለሚተላለፍ፥ መልካም ኰርማ የመረጠ መንደር ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልካም ላምና መልካም በሬ ያገኛል።

ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ እጅግ ያረጁ ናቸው። ላም በግዕዝ «ላህም» ትባላለች፤ በሬም «ብዕራይ» ይባላል። ድምፃቸውን አስተውላችሁ ብትሰሙ፥ የዛሬው አማርኛ ከጥንቱ ቃል ጋር ዘመድ እንደ ሆነ ትረዳላችሁ።

3. የላምን ኑሮ የሚገልጡ ስሞች

ላም የሚለው ስም ዕድሜዋንና መውለድዋን ይነግረናል፤ ዛሬ ወተት እንዳላት ግን አይነግረንም። ይህን የሚነግሩ ሌሎች ስሞች አሉ።

ወልዳ በመታለብ ላይ ያለች ላም «ጥገት» ትባላለች። ጥገት በቤት ካለች ሕፃናት ወተት ይጠጣሉ፤ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤ ይወጣል። የአገራችን ላም ወተትዋ ብዙ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህል ነው። ነገር ግን ለድሀ ቤት ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ወተትዋ ያለቀ እንደ ሆነ «ነጠፈች» ይባላል። የነጠፈች ላም ከንቱ አይደለችም። ምናልባት አርግዛ ሊሆን ይችላል፤ የሚመጣውንም ጥጃ በሆድዋ እየመገበች ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ነጠፈች ብሎ አይንቃትም፤ ሣርና ውሃ ይሰጣታል፥ ቀንዋንም ይጠብቃል።

የማትወልድ ላም «መሲና» ትባላለች። መሲና ወተት የላትም። ነገር ግን ለጥጃና ለወተት የሚሄድባት ነገር ስለሌለ የምትበላው ሁሉ ለሰውነትዋ ይሆናል። ትወፍራለች፥ ጀርባዋ ይሰፋል፥ ጠጕርዋም ያብለጨልጫል። ጥገት ግን የምትበላውን ለሌላ ስለምታካፍል ብዙ ጊዜ የከሳች ናት። ሁለቱ በገበያ ጐን ለጐን ቢቆሙ፥ የማያውቅ ሰው ዓይኑ ወደ መሲናይቱ ይሄዳል። እንግዲህ ላም ሊገዛ የሚሄድ ሰው መልክዋን ብቻ አይይ፤ ስምዋን ይጠይቅ፥ ግትዋን ይመልከት፥ ጥጃዋንም ይፈልግ።

4. የበሬን ሥራ የሚገልጡ ስሞች

በሬም እንዲሁ በሥራው ይለያል። የእርሻ በሬ ቀንበር ተሸካሚ ነው። ለሥጋ የተመረጠው «ሰንጋ» ይባላል፤ በቤት ታስሮ ተቀልቦ የሰባውም «ድልብ» ይባላል። በበዓል ጊዜ ጐረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሰንጋ ይገዙና ሥጋውን በእኩል መደብ ይካፈላሉ፤ ይህም «ቅርጫ» ይባላል። ብቻውን ሰንጋ መግዛት የማይችል ሰው በቅርጫ ከወንድሞቹ ጋር እኩል ይበላል።

ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጣመሩ «ጥማድ» ይባላሉ። ከዚህም የተነሣ ጥማድ የመሬት መለኪያ ሆነ፤ አንድ ጥማድ መሬት ማለት አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ያህል ነው። የአገራችን ማረሻ በሁለት በሬ የሚሳብ ነውና አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብቻውን ሊያርስ አይችልም። ስለዚህ ሌላ አንድ በሬ ያለውን ጐረቤቱን ፈልጎ ይስማማል፤ በሬዎቻቸውን አጣምረው በየተራ የሁለቱን መሬት ያርሳሉ። ይህ ስምምነት «መቀናጆ» ይባላል። መቀናጆ በእምነት የሚቆም ነገር ነው። አንዱ ደካማ በሬውን ብርቱ ነው ብሎ ቢያመጣ፥ ወይም ተራው ካለፈ በኋላ በሬውን ቢደብቅ፥ የጐረቤቱ መሬት ሳይታረስ ክረምት ያልፋል።

5. የመልክና የአገር ስሞች

ከብት በመልኩም ይጠራል። ጥቁርና ነጭ የተዥጐረጐረው «ቡሬ»፥ አመድ የሚመስለው «ዳልቻ»፥ በግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው «ቦቃ» ይባላል። እነዚህ ስሞች ለጌጥ ብቻ አይደሉም። በሬ የጠፋበት ሰው በመንገድ ያገኘውን ሁሉ «በሬ አይታችኋልን?» ቢል የሚመልስለት የለም፤ በሬ በየሜዳው ሞልቷልና። «ቀንዱ ወደ ኋላ የዞረ፥ ግንባሩ ቦቃ የሆነ ጥቁር በሬ አይታችኋልን?» ያለ እንደ ሆነ ግን ያየው እረኛ ወዲያው ያስታውሰዋል።

በጋምቤላ የሚኖሩት የኑዌር ሰዎች በዚህ ነገር ዕውቀታቸው እጅግ የሰፋ ነው። ለከብት ቀለምና ዝንጕርጕርነት፥ ለቀንዱም አቀማመጥ እጅግ ብዙ ስሞች አሏቸው። የኑዌር ወጣትም ከሚወደው በሬ መልክ የተወሰደ ስም ለራሱ ይይዛል፤ ጓደኞቹም በዚያ ስም ይጠሩታል።

ከብት በአገሩም ይለያል። በጣና ሐይቅ አጠገብ ባለው ሜዳ የፎገራ ከብት፥ በሰሜን ምዕራብ ቆላ የበጋይት ከብት፥ በደቡብ ቆላ የቦረና ከብት ይገኛል። የራያ ከብት በቀንዱ ርዝመት ይታወቃል። እያንዳንዱም የለመደው አየርና የለመደው ሣር አለው።

6. ቍጥርና ስም

ልጆች ሆይ፥ እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። ሁለት ጐረቤታሞች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት የቀንድ ከብት አሏቸው። በቍጥር እኩል ናቸው። አሁን ግን በስማቸው እንቍጠራቸው።

የፊተኛው ሰው ሁለት በሬ፥ አንዲት ጥገት፥ አንዲት ጊደርና አንድ ጥጃ አለው። ይህ ሰው ጥማዱ ሙሉ ነው፤ ያርሳል። ልጆቹ ዛሬ ወተት ይጠጣሉ። ጥገቲቱ በነጠፈች ጊዜ ጊደሪቱ ትወልድ ይሆናል። ጥጃውም ያድጋል።

የኋለኛው ሰው አንድ በሬ፥ ሁለት መሲናዎችና ሁለት ወይፈኖች አሉት። ይህ ሰው ወይፈኖቹን እስኪያስተምር ድረስ ጥማድ የለውም፤ መቀናጆ መፈለግ አለበት። በቤቱ ወተት የለም፤ የሚወልድለትም ከብት የለም። መሲናዎቹን ሸጦ ጊደር ቢገዛ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እንግዲህ «አምስት ከብት አለኝ» ያለ ሰው ገና ምንም አልነገረንም። ቍጥር ስንት እንደ ሆኑ ይነግረናል፤ ስም ግን ቤቱ ዛሬ ምን እንደሚበላና ነገ ምን ተስፋ እንዳለው ይነግረናል።

7. በረቱ ባዶ የሆነበት ዘመን

በረት ባዶ ሲሆን በሰው ላይ ምን እንደሚደርስ የአገራችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ ወደብ በኩል ታሞ በገባ ከብት ምክንያት፥ ደስታ በሽታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በሽታው ከመንጋ ወደ መንጋ እየተላለፈ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከአገሩ ከብት እጅግ የሚበዛውን ፈጀ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንደ ሞተ ይገመታል። በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም አደረ፤ ላም ስለ ጠፋች ሕፃናት ወተት አጡ። ድርቅና ተምችም ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ። ሰዎች ያን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት።

ዳግማዊ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ያለ በሬ በዶማ እየቈፈረ እንዲዘራ አዘዙ፤ ምሳሌም ይሆኑ ዘንድ በገዛ እጃቸው ቈፈሩ ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ሰው በዶማ የሚቈፍረው በሬ ከሚያርሰው ጋር አይተካከልም። ከብቱ እንደ ገና የበዛው ከሞት ከተረፉት ጥቂት ጊደሮችና ጥቂት ኰርማዎች ነው። ጊደር እስክትወልድ፥ ጥጃዋም በሬ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ አንዲት ጊደር በሕይወት የቀረችለት ቤት ምን ያህል እንደ ተጽናና አስቡ።

ደስታ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ሊቃውንት ክትባት አገኙለት፤ በ2003 ዓ.ም. ከምድር ሁሉ እንደ ጠፋ ተነገረ። በአገራችንም በአፋር ቆላ ከከብት አርቢዎቹ ከራሳቸው መካከል የተመረጡ ሰዎች ክትባት መስጠትን ተምረው ከመንጋ ወደ መንጋ እየሄዱ ይከትቡ ነበር። ከብቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የታመመውንም ፈጥኖ ያውቃልና፥ የእነርሱ ዕውቀት ለሥራው እጅግ ጠቀመ።

8. የተሸሸገው ስም

አሁን ደግሞ አንድ ምሳሌ እንስማ። በአንድ መንደር ሦስት ልጆች ያሏት አንዲት መበለት ነበረች እንበል። ባልዋ በሞተ ጊዜ የቀራት አንድ በሬ ብቻ ነበር። በሬውን ሸጠችና በገንዘቡ ለልጆችዋ ወተት የምትሰጥ ላም ልትገዛ ወደ ገበያ ሄደች። የዘጠኝ ዓመት ልጅዋም ከብት ጠባቂ ነበርና አብሯት ሄደ።

በገበያው ውስጥ አንድ ሰው ጀርባዋ የሰፋ፥ ጠጕርዋ የሚያብለጨልጭ ላም ይዞ ቆሞ ነበር። መበለቲቱም ቀርባ፥ «ወንድሜ፥ ጥገት ናት ወይ?» ብላ ጠየቀችው።

ሰውየውም፥ «እትዬ፥ እንዴት ያለች ላም እንደ ሆነች በዓይንዎ ይዩ! ጀርባዋን ይዳስሱ። እንዲህ ያለች ላም በዛሬው ገበያ ሁለተኛ አያገኙም» አላት።

ልጁ የእናቱን ነጠላ ሳብ አድርጎ፥ «እማዬ፥ ጥጃዋ የት አለ?» አለ። ነገር ግን ገበያው ጫጫታ ነበር፤ ማንም አልሰማውም። መበለቲቱም ሰውየው ለጥያቄዋ የመለሰላት መስሏት ገንዘቡን ቈጥራ ሰጠች።

ላሚቱ መሲና ነበረች። በማግስቱ ጠዋት መበለቲቱ እቃዋን ይዛ ብትቀርብ አንዲት ጠብታ አላገኘችም፤ ትንንሾቹ ልጆችም ባዶውን ዕቃ አይተው አለቀሱ። ስለዚህ ሻጩን ይዛ በሽማግሌዎች ፊት ቆመች።

ሻጩም፥ «አባቶቼ፥ እኔ ምን አጠፋሁ? ላም ናት አልሁ። ላም አይደለችምን? ጥገት ናት ብዬ እንደ ሆነ ምስክር ይቁጠሩብኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ከእነርሱም አንደኛው፥ «ልጄ፥ ስለ ምን ተጠየቅህ?» አለው።

«ጥገት ናት ወይ ተብዬ።»

«አንተስ ስለ ምን መለስህ?»

«ስለ ላምነትዋ።»

«መሲና እንደ ሆነች ታውቅ ነበርን?»

ሻጩ ጥቂት ቆየና፥ «አውቅ ነበር» አለ።

ሽማግሌውም፥ «ታዲያ የምታውቀውን ስም ሸሽገህ የማይጠቅማትን ስም ሰጠሃት። አፍህ የተናገረው ቃል እውነት ነው፤ የሸጥኸው ነገር ግን ሐሰት ነው። የጠየቀችህ ስለ ልጆችዋ እራት ነበር። ላምህን ውሰድ፥ ገንዘብዋንም መልስ» ብሎ ፈረደ። ወደ ልጁም ዘወር ብሎ፥ «ጥጃዋ የት አለ ያልህ አንተ ነህን? ከገበያው ሰው ሁሉ ይልቅ ትክክለኛውን ነገር የጠየቅህ አንተ ነህ። ሌላ ጊዜ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጠይቅ» አለው።

ሻጩ ገንዘቡን መለሰ። በሚመጣውም ሳምንት በዓል ስለ ነበረ ላሚቱን ወደ ሌላ ገበያ ወሰዳት። በዚያ ጊዜ ግን የመጡትን ገዢዎች ሁሉ፥ «መሲና ናት፤ ወተት የላትም፥ ሥጋ ግን አላት» ይላቸው ነበር። ቅርጫ የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ሰምተው ተሰበሰቡ፤ መበለቲቱ ከሰጠችው ዋጋ አብልጠው ሰጥተው ገዙት። መሲናይቱ ከመጀመሪያም በእውነተኛ ስምዋ የምትሸጥበት ገበያ ነበራት። መበለቲቱም በበኩልዋ የከሳች ነገር ግን ጥጃዋ ከጐንዋ የቆመ ጥገት አገኘች፤ በዚያው ማታ ልጆችዋ ወተት ጠጥተው ተኙ።

9. ከዚህ የምንማረው

ጥገት፥ መሲና፥ ጊደር፥ ወይፈን የሚሉት ስሞች አንዱ ለሌላው ስድብ አይደሉም። ለእያንዳንዱ ቦታ አለው። መሲና ለሥጋ፥ ጥገት ለወተት፥ በሬ ለእርሻ፥ ኰርማ ለዘር፥ ጊደር ለነገ ተስፋ ትሆናለች። ጥፋት የሚመጣው አንደኛውን በሌላው ስም የጠራን እንደ ሆነ ነው።

ሰው ሐሰት የሚናገረው ያልሆነውን ሆነ በማለት ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ስም ሸሽጎ ሌላ ስም በመስጠትም ሊዋሽ ይችላል። በገበያ የሚሸጥ ሰው፥ በመቀናጆ የሚስማማ ገበሬ፥ በሸንጎ የሚመሰክር ሰው ሁሉ ቃሉን እንደ ሚዛን ይጠብቅ። በሚዛን ማጕደልና በቃል ማጕደል አንድ ነውና።

እናንተም ልጆች ሆይ፥ የነገርን ስም ጠንቅቃችሁ ተማሩ። ስሙን የሚያውቅ ልጅ በቀላሉ አይታለልም፤ እናቱንም ከመታለል ያድናታል። የማታውቁትንም ነገር በገባችሁበት ሁሉ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁ ያልተሰማ እንደ ሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። እናንተ ደግሞ ስትጠየቁ፥ የተጠየቃችሁትን መልሱ።

ጥያቄ

1. ከብት የሚለው ቃል ስንት ፍች አለው? ምንና ምን ናቸው?
2. ጊደር ላም የምትባለው መቼ ነው?
3. በሬና ኰርማ በምን ይለያያሉ?
4. የነጠፈች ላምና መሲና ልዩነታቸው ምንድር ነው?
5. ሻጩ የተናገረው ቃል እውነት ሲሆን ሽማግሌው ስለ ምን ፈረደበት?